የስሜን ተራሮች እንደ ደሴት



ከድብ ባሕር ተነሥቼ ሊማሊሞን ሽቅብ በወጣሁ ቁጥር ወደ ደሴት የምሻገር ይመስለኛል፤ በዙሪያው ያለው የቆላ ሙቀት ደገኛውን እንስሳ እንደ ባሕር ያግደዋልና።

በዚህ ደሴት ሁለት ባለ ልዩ ልዩ ታሪክ እንስሳት ተጎራብተዋል። የዋልያ የቅርብ ዘመድ በሱዳን፣ በግብፅና በዐረብ ምድር ተራሮች ይኖራል፤ የዘር ግንዳቸውም ከእስያ የመጣ ነው። ጭላዳ ግን ትውልዱ ከአፍሪካ ነው። የወገኑ ቅሪተ አካል ከደቡብ አፍሪካ እስከ ስፔንና ህንድ ተገኝቷል፤ ከዚያ ሰፊ ወገን ዛሬ በሕይወት የቀረው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ሣር የሚግጠው ጭላዳ ብቻ ነው።

ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም አየሩ ሲሞቅ፣ እርሻውም ሽቅብ ሲወጣ ደሴቱ ይጠባል። ከራስ ደጀን በላይ የሚሸሹበት ተራራ የለም።