ስለ ባለምድብ ተቆልቋይ ምናሌ አሠራርና ስያሜዎቹ

ለአንድ ሙያ የአማርኛ ቃላት ሲሰየሙ፣ አስቀድሞ ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ መታወቅ ይኖርበታል። ነገሩን ሳይመረምሩ ቃልን ከቃል ብቻ ማዛመድ ተርጓሚውን ያሳስተዋል። ስለዚህ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ በሚሠሩ ድረ ገጾች ላይ የሚገኘውን ባለምድብ ተቆልቋይ ምናሌ በቅድሚያ አብራርተን፣ ለክፍሎቹ ተስማሚ የመሰሉንን ስያሜዎች ከነምክንያታቸው እናቀርባለን።

1. የነገሩ ጠባይ

በድረ ገጽ ላይ ቅጽ የሚሞላ ሰው አገሩን እንዲመርጥ ሲጠየቅ በመጀመሪያ የሚያየው አንድ ጠባብ ሳጥን ነው። ሳጥኑን ሲጫነው የአገሮች ዝርዝር ይዘረጋለታል፤ አንዱን ሲመርጥ ዝርዝሩ ተመልሶ ይታጠፋል። ዝርዝሩ ረዥም ሲሆን ፈልጎ ማግኘት ስለሚያደክም አማራጮቹ በየምድባቸው ይከፈላሉ። ለምሳሌ ‹አፍሪካ› በሚል ርእስ ሥር ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ኬንያ፣ ‹እስያ› በሚል ርእስ ሥር ደግሞ ሊባኖስ፣ ሕንድ፣ የመንና ጃፓን ይሰለፋሉ። ይህ አከፋፈል በኤችቲኤምኤል ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው አራተኛ እትም ሲሆን፣ ምልክቱም ‹ኦፕትግሩፕ› ይባላል። ሁለት ጠባዮቹ ለስያሜ ሥራ ወሳኞች ናቸው። አንደኛ፣ የምድቡ ርእስ ይነበባል እንጂ አይመረጥም። ሁለተኛ፣ በአንድ ምድብ ውስጥ ሌላ ምድብ አይገባም።

2. በጃቫ ማዕቀፍ ውስጥ

ከጃቫ የድረ ገጽ ማዕቀፎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2004 ‹ጃቫ ሰርቨር ፌስስ› ተብሎ የወጣውንና ዛሬ ‹ጃካርታ ፌስስ› የሚባለውን ለምሳሌነት መርጠናል። በዚህ ማዕቀፍ እያንዳንዱ አማራጭ ‹ሴሌክት አይተም› የተባለ ክላስ ውጤት ነው፤ ሁለት ነገሮችንም ይይዛል። አንዱ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙ የሚቀበለው እሴት ነው። ‹ሴሌክት አይተም ግሩፕ› የተባለው ክላስ ደግሞ ርእስና በሥሩ የሚሰለፉ አማራጮችን ይይዛል። ፕሮግራም ሠሪው እነዚህን ምድቦች በዝርዝር አሰናድቶ ለገጹ ያቀርባል፤ ማዕቀፉም ወደ ኤችቲኤምኤል ይለውጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው አራተኛ እትም ምድቦቹን በገጹ ላይ በቀጥታ ማመልከት የሚያስችሉ ምልክቶች ተጨምረዋል።

3. ስያሜዎቹ

ተቆልቋይ ምናሌ፦ ‹ምናሌ› ከምግብ ቤት ወደ ኮምፒዩተር የተሸጋገረ ቃል ስለ ሆነ አያከራክርም። ‹ተቆልቋይ› ግን ሁለት ነቀፌታ ይቀርብበታል። ‹ማቆልቆል› የመድከምና የመውረድ ትርጉም አለው፤ በተጨማሪም ከሳጥኑ በታች ቦታ ሲጠብ ዝርዝሩ ወደ ላይ ሊዘረጋ ይችላል። ከዚህ አንጻር ‹ተዘርጊ› ለነገሩ ይበልጥ የቀረበ ነበር። ሆኖም ‹ተቆልቋይ› በተጠቃሚዎች ዘንድ እየተለመደ የመጣ ቃል ስለ ሆነ፣ የተለመደውን ከመሻር ማጽናቱን መርጠናል።

ምድብ እና ክላስ፦ በጃቫ ‹ክላስ› ለሚባለው ‹መደብ› የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ‹መደብ› እና ‹ምድብ› ከአንድ ሥር የወጡ በመሆናቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ ግራ ያጋባሉ፤ ‹የምድብ መደብ› ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ አንባቢውን አያስተምርም። ስለዚህ ‹ምድብ› ለአማራጮች ስብስብ ብቻ ይሁን፣ ‹ክላስ› በውሰት ይቆይ እንላለን።

ርእሰ ምድብ እና አማራጭ፦ ሁለቱንም ‹ምርጫ› ብሎ መተርጐም የሚታይ ስሕተት ነው። ተጠቃሚው ‹አፍሪካ› የሚለውን ሊመርጥ ይሞክራል፤ ሳይሳካለት ሲቀርም ገጹ የተበላሸ ይመስለዋል። ‹ርእሰ ምድብ› የሚለው ስያሜ ጽሑፉ መሪ እንጂ ተመራጭ አለመሆኑን ያሳያል።

እሴት፦ ‹ዋጋ› ቢባል በመደብር ገጾች ላይ ከሸቀጥ ዋጋ ጋር ይምታታል።

4. ለተርጓሚዎች

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ስያሜንና እሴትን መለየት ነው። ‹ኢትዮጵያ› የሚለው ጽሑፍ ይተረጐማል፤ ከኋላው ያለው ባለሁለት ፊደል የላቲን ምልክት ግን እንዳለ ይቀመጣል። ተርጓሚው እሴቱን ቢነካ ገጹ ለዓይን ደኅና ይመስላል፤ የተመረጠው አገር ግን በመረጃ ቋቱ ከተመዘገበው ጋር ስለማይገጥም የሰውየው ማመልከቻ ሊወድቅ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅደም ተከተል ነው። የእንግሊዝኛው ዝርዝር ሕንድን፣ ጃፓንን፣ ሊባኖስንና የመንን በዚህ ተራ ያስቀምጣል፤ በሀሁ ተራ ግን ሊባኖስ፣ ሕንድ፣ የመን፣ ጃፓን ይሆናሉ። ስለዚህ ከትርጕም በኋላ እያንዳንዱ ምድብ እንደገና መደርደር አለበት። አጻጻፍም ቦታ ይወስናል፤ በ‹ሐ› ‹ሕንድ› ብለን ከጻፍን ከሊባኖስ በኋላ፣ በ‹ሀ› ‹ህንድ› ብለን ከጻፍን ከሊባኖስ በፊት ይገኛል። በሞክሼ ፊደላት ረገድ አንድ ሥርዓት ካልተከተልን፣ ፈላጊው ያለውን ስም እንደሌለ ይቈጥረዋል።

በመጨረሻ፣ ትርጕሞቹ የሚቀመጡት ለየቋንቋው በተለዩ የጽሑፍ ፋይሎች ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው ዘጠነኛው የጃቫ እትም በፊት ማዕቀፉ እነዚህን ፋይሎች በላቲን ፊደል ሥርዓት ብቻ ስለሚያነብ የግዕዝ ፊደላት በቍጥር ምልክት እየተተኩ መጻፍ ነበረባቸው። ከዚያ ወዲህ በቀጥታ ይጻፋሉ። በዚህም ምክንያት ተርጓሚው የገዛ ጽሑፉን ራሱ አንብቦ ማረም ችሏል፤ ስያሜን የማጥራት ኀላፊነቱም በዚያው ልክ ጨምሯል።

ያቀረብናቸው ስያሜዎች በሥራ ላይ ተፈትነው እንዲጸኑ ወይም እንዲሻሻሉ ነው። የተሻለ ቃል ያላቸው ባለሙያዎች ከነምክንያቱ ቢያቀርቡልን፣ ለሥራው ታላቅ እገዛ ይሆናል።