ከሩቅ ኮምፒዩተር ጋር የሚደረግ ግንኙነትና የሚቀመጠው ማስታወሻ

ኢማክስ ለሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ በ1998 በኤውሮፓ አቆጣጠር መሠራት የጀመረው ትራምፕ በሩቅ ኮምፒዩተር ያለውን ፋይል በእጃችን እንዳለ አድርገን እንድናርም ያስችለናል። ሥራው እንዳይዘገይ፣ ከሩቁ ኮምፒዩተር ያገኘውን መልስ በማስታወሻ ይይዛል።

ማስታወሻው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የፋይሎችን ሁኔታ የሚመለከት ሲሆን፣ ደንቡን ካልለወጥን ከ10 ሴኮንድ በላይ አይታመንም። ሁለተኛው ፕሮግራሞች የሚገኙበትን ስፍራና ይህን የመሰለውን የሚመለከት ሲሆን፣ በዲስክ ተጽፎ ኢማክስ ከተዘጋም በኋላ ይቆያል።

ጉዳቱም ከዚህ ይመጣል። ለፍጥነት ብለን የሴኮንዱን ወሰን ብናነሣ፣ ባልደረባችን በዚያ የፈጠረው ፋይል እንደሌለ ሊቆጠር ይችላል። ጨርሶ ብንከለክለው ደግሞ ሥራው ይንቀረፈፋል።

ስለዚህ ወሰኑን እንዳለ ትተን፣ ጥርጣሬ ሲገባን ብቻ ትራምፕ-ክሊንአፕ-ኮኔክሽን በተባለው ትእዛዝ የዚያን ግንኙነት ማስታወሻ፣ የተያዘውን የይለፍ ቃል ጭምር፣ ደምስሰን እንደ አዲስ መገናኘት ይሻለናል።