የኦሃዮን ብርድ የሚችለው ማግኖሊያ የትኛው ነው?

ከኮሎምበስ ደቡብ ምሥራቅ ያለችው ግሮቭፖርት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ናት። ትልልቆቹ መጋዘኖችና አዳዲሶቹ ሰፈሮች የተሠሩት በቀድሞ የእርሻ መሬት ላይ ስለሆነ የምዕራቡን ነፋስ የሚገታ ነገር እምብዛም የለም። እዚያ ቤት የገዛ ያገራችን ሰው ኖቬምበር ላይ ግቢው ራቁቱን ሲቀር፣ ቅጠሉን የማያረግፍ ዛፍ ቢመኝ አይፈረድበትም። ብዙዎች ዓይናቸውን የሚጥሉት በደቡቡ ማግኖሊያ ላይ ነው። ቅጠሉ ወፍራምና አንጸባራቂ ነው፤ ገልበጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ቡናማ ጸጉር ለብሷል። ነጩ አበባው አንዳንዴ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል።

ችግሩ አገሩ ነው። ተወላጅነቱ ከሰሜን ካሮላይና እስከ ፍሎሪዳና ምሥራቅ ቴክሳስ ባለው ሞቃት ቆላ ሲሆን፣ ኮሎምበስ ግን ጃንዋሪ 19 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሳለች።

ችግኙ ላይ የሚለጠፈው የዞን ቁጥር የሚነግረን የአካባቢውን የየዓመቱን ዝቅተኛ ሙቀት አማካይ ብቻ ነው። ቅጠሉን የማያረግፍ ዛፍ የሚሞተው ግን በብርድ ብቻ ሳይሆን በውኃ ጥምም ነው። መሬቱ በረዶ ሆኖ ሲጠጥር ሥሩ ውኃ መሳብ ያቅተዋል፤ ፌብሩዋሪ ላይ ብሩህ ፀሐይ ወጥታ ነፋስ ሲታከልባት ግን ቅጠሉ ውኃ ማውጣቱን አይተውም። መጀመሪያ ጠርዙ ይቃጠላል፣ ከዚያ ሙሉ ቅጠሉ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ግቢ ያሉ ሁለት አንድ ዓይነት ዛፎች፣ አንዱ ለምዕራብ ነፋስ ተጋልጦ ሌላው በቤቱ ምሥራቅ ተጠልሎ፣ ዊንተሩን በተለያየ ሁኔታ ይጨርሱታል። ሌላው ጉዳይ ጊዜው ነው፤ እንጨቱ ሳይበስል በድንገት የመጣ የኖቬምበር ውርጭ፣ ቀስ በቀስ ከገባ የጃንዋሪ ብርድ የባሰ ሊጎዳ ይችላል።

የዞን ቁጥሩ ይህን ሁሉ ስለማይነግረን ብርድ የሚችሉት ዝርያዎች አብዛኛዎቹ የተገኙት በፍለጋ ነው፦ በድሮ ግቢ፣ በመቃብር ቦታ፣ ሌላው ሲደርቅ ቆሞ የተገኘውን ዛፍ መፈለግ። ኢዲት ቦግ የምትባለው ከፍሎሪዳ ወደ ሞንትክሌር፣ ኒው ጀርሲ ተልካ በሰሜኑ ብርድ የጸናች ዛፍ ናት፤ ስሟም የባለቤቷ ነው። ትዌንቲ ፎር ቢሎው የተባለው ስሙን ያገኘው ኖክስቪል፣ ቴነሲ በ1985 እ.ኤ.አ. በፋራናይት ከዜሮ በታች 24 በደረሰችበት ብርድ ስለተረፈ ነው። እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ፣ ሲንሲናቲ ያለው ስፕሪንግ ግሮቭ መካነ መቃብር በስሙ የሚጠሩ ምርጥ ዛፎች አፍርቷል።

ዘዴው ለኛ እንግዳ አይደለም። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ሲገባ የጅማ ተመራማሪዎች በሽታው ካጠቃው ማሳ መሐል ፍሬዋን ይዛ የቆመችውን እናት ዛፍ ነበር የፈለጉት። ገበሬው ዛሬም 74110፣ 74112 እያለ የሚተክላቸው ዝርያዎች የዚያ ፍለጋ ፍሬ ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ የአረቢካ ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ልጅ እናቱን ይመስላል፤ ማግኖሊያን ግን ጥንዚዛዎች ከዛፍ ዛፍ ስለሚያዳቅሉት የጀግናዋ ዛፍ ዘር ጀግና ላይሆን ይችላል። ያንኑ ዛፍ የሚፈልግ ሰው ቅርንጫፏን ቆርጦ ማጽደቅ አለበት። ብርድ መሬት ድረስ ቢያደርቀው እንኳ፣ በራሱ ሥር የጸደቀ ችግኝ እንደገና ሲያቆጠቁጥ ያው ዝርያ ነው፤ በሌላ ዛፍ ሥር ላይ የተቀጠለው ግን ከታች የሚያወጣው ቡቃያ የዚያ የሌላው ዛፍ ነው።

ዛፉ ከብርዱ መትረፉን መገምገምም ትዕግሥት ይጠይቃል። ማርች ላይ ቅጠሉ ሁሉ ቡናማ ሆኖ ያዩ ሰዎች ዛፉን ነቅለው ይጥላሉ፤ ይህ ችኮላ ነው። ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ልጡን በጥፍር ጫር ማድረግ ይበቃል። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ እንጨቱ አለ፤ ቅጠሉ ሞቶ ቡቃያው በሕይወት ሊኖር ይችላል። ፍርዱን እስከ ጁን ማቆየት ነው። ከብርዱ ሌላ በረዶ የተከመረበት ቅርንጫፍ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁም መታየት አለበት፤ ሰፊው ቅጠል በረዶ እንደ ትሪ ይሸከማልና። ኢዲት ቦግ በዚህ በኩልም ጥሩ ስም አላት።

ለግሮቭፖርት ግቢ የምመርጠው እሷን ወይም ከደቡብ ካሮላይና የመጣውን ብራከንስ ብራውን ቢዩቲ ነው። ሊትል ጄም ትንሽና ቆንጆ ቢሆንም እዚህ ለመትከል እምነት የሚጥሉበት አይደለም፤ አትላንታ ላሉ ዘመዶቻችን ይሁን። መትከያው ጊዜ ስፕሪንግ ነው፣ ፎል አይደለም፤ ሥሩ ከብርዱ በፊት ሰመሩን ሙሉ ሊይዝ ይገባል። ቦታው የቤቱ ምሥራቅ ወይም ሰሜን ምሥራቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ሥሩ ዙሪያ ጉዝጓዝ፣ መሬቱ ከመቀዝቀዙ በፊት ደግሞ ጥሩ ውኃ ያስፈልገዋል። ቅጠሉን አያረግፍም ሲባል ግን ቅጠሉ ጨርሶ አይወድቅም ማለት አይደለም፦ አሮጌው ዓመቱን ሙሉ እየተንጠባጠበ ይወድቃል፣ ቶሎም አይበሰብስም፤ ሣር ወዳድ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

በኮሎምበስ አሮጌ ሰፈሮች ስታልፉ ከ1994 በፊት የተተከለ ማግኖሊያ ቆሞ ካያችሁ፣ የቤቱን ባለቤት አስፈቅዳችሁ ቅርንጫፍ ለምኑ።