ሥራ ያጣው አዳኝ ውሻ፦ የኦተርሃውንድ ጠባይና አያያዝ

መግቢያ

የአንድ የቤት እንስሳ ዝርያ በበሽታ ወይም በድርቅ ብቻ አይጠፋም። የተመረጠበትና የተረባበት ሥራ ሲቀርም ይጠፋል። ኦተርሃውንድ የተባለው የእንግሊዝ አገር አዳኝ ውሻ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ውሻው ወደ አገራችን እንዲገባ ለማሳሰብ አይደለም። ጥቂት አርቢዎች ዝርያውን ከመጥፋት ለማዳን የሚከተሉት ዘዴ ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ትምህርት ይሰጣል ብለን ስለምናምን ነው።

አመጣጡ

አዳኝ ውሾች በአብዛኛው በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ በዓይናቸው አይተው በሩጫ ይይዛሉ፤ ሌሎቹ አፍንጫቸውን ወደ መሬት ደፍተው ሽታ ይከተላሉ። ኦተርሃውንድ ከሁለተኞቹ ወገን ነው። ኦተር በውሃ ዳር የሚኖር ዓሣ በል አውሬ ሲሆን፣ የቅርብ ዘመዶቹ በእኛም አገር ወንዞችና ሐይቆች ይገኛሉ። እንግሊዞች ዓሣችንን ይፈጅብናል በማለት ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ኦተርን በውሻ ያድኑ ነበር። አውሬው በአብዛኛው ሌሊት ስለሚንቀሳቀስ፣ ጠዋት የሚሰማራው ውሻ የሌሊቱን ሽታ በወንዙ ዳርና በውሃው ላይ ሳይቀር መከተል ነበረበት።

ከ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የኦተር ቁጥር በፍጥነት ቀነሰ። ዋናው ምክንያት አደኑ አልነበረም። ዘርን ከተባይ ለመጠበቅና በግ ለመንከር ያገለግሉ የነበሩት ዲልድሪንና መሰል መድኃኒቶች ወደ ወንዝ እየገቡና በዓሣ አካል ውስጥ እየተከማቹ አውሬውን ይጎዱት ነበር። የኦተሩን መቀነስ ካጋለጡት ማስረጃዎች አንዱ የአደን ቡድኖቹ መዝገብ ነው፤ ውሾቹ የሚያገኙት ኦተር ከዓመት ዓመት ማነሱ በግልጽ ታየበት። እ.ኤ.አ. በ1978 ኦተር በእንግሊዝ አገር በሕግ ተጠበቀ፤ አደኑም ቆመ። ንጹሕ ዝርያውን ይዘው የነበሩት ቡድኖች ውሾች ለግለሰቦች ተከፋፈሉ።

መድኃኒቶቹ ከታገዱና ወንዞቹ ከጸዱ በኋላ ኦተር እያገገመ መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በሁሉም የእንግሊዝ ክፍላተ አገር መኖሩ ተረጋገጠ። አውሬው ሲመለስ የውሻው ቁጥር ግን አልበዛም። ዛሬ በዓለም ያሉት ኦተርሃውንዶች ከ1,000 በታች እንደሆኑ ይገመታል።

መልኩና ጠባዩ

ወንዱ ወደ 69 ሴንቲ ሜትር፣ ሴቷ ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ትቆማለች። ወንዱ እስከ 52 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ፀጉሩ ሸካራና የተንጨባረረ ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ቅባትነት ያለው ለስላሳ ፀጉር ብርድና ውሃ ይከላከልለታል። ጣቶቹ መካከል ቆዳ ስላለው ጥሩ ዋናተኛ ነው። ጆሮው ረጅምና የተንጠለጠለ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ነው።

በጠባዩ ገርና ሰው ወዳድ ስለሆነ ለዘበኝነት አይመረጥም። ሆኖም አንድ ጊዜ ሽታ ካገኘ የጌታውን ጥሪ አይሰማም። ይህ እልህ ለአደን የተፈለገ ጠባይ ነበር፤ መኪና በሚበዛበት መንደር ግን ለሞት ያደርሰዋል።

አያያዙ

1. ግቢው በጠንካራና ከፍ ባለ አጥር መታጠር አለበት። ክፍት ቦታ ላይ ውሻው ከማሰሪያው መፈታት የለበትም።

2. ፀጉሩ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበጠራል። ከዋና በኋላ የጆሮው ውስጥ ካልደረቀ ይቆስላል።

3. ቀለቡን በአንድ ጊዜ ከመስጠት ይልቅ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍሎ መስጠት፣ ከበላም በኋላ ወዲያው አለማስሮጥ ይገባል። ደረተ ሰፊ በሆኑ ትላልቅ ውሾች ላይ ሆድ ተነፍቶ የሚዞርበት ድንገተኛ ሕመም በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

4. ቡችላው ሲያድግ እንዳይወፍር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ዝርያው ለዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም የተጋለጠ በመሆኑ ክብደት ሕመሙን ያባብሰዋል።

በማዳቀል ረገድ

በዚህ ዝርያ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። በሽታው የሚታየው ቡችላው ከአባቱም ከእናቱም ጉድለቱን ሲወርስ ነው። ከአንዱ ብቻ የወረሰው ጤነኛ ሆኖ ይኖራል፤ ለልጆቹ ግን ሊያስተላልፍ ይችላል። ሁለት ተሸካሚዎች ቢዳቀሉ በአማካይ ከአራት ቡችሎች አንዱ በሽተኛ ይሆናል።

ታዲያ ተሸካሚዎቹን በሙሉ ከርቢ ማስወጣት አይሻልምን? ቁጥሩ ብዙ ለሆነ ዝርያ ይህ ይቻል ይሆናል። ለኦተርሃውንድ ግን ከጥቂቱ ላይ መቀነስ ነው፤ የቀሩትም በቅርብ ዝምድና እንዲዳቀሉ ያስገድዳል። ስለዚህ የሚመረጠው መንገድ በምርመራ ተሸካሚውን ለይቶ ከጉድለቱ ነጻ ከሆነ ጋር ብቻ ማዳቀል ነው። በዚህ ዓይነት በሽተኛ አይወለድም፤ ዘሩም አይባክንም።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

በደቡብ ምዕራብ አገራችን የሚገኘው የሸኮ ከብት የገንዲን በሽታ በመቋቋም የታወቀ ነው። ይሁንና ከአጎራባች ባለ ሻኛ ከብቶች ጋር በመደባለቁ ንጹሑ ዝርያ እየመነመነ መጥቷል። ኦተርሃውንድ ሥራው ቀርቶበታል፤ የሸኮ ከብት ሥራ ግን አልቀረም፤ ገንዲም ቆላ ዝንብም ዛሬም አሉ። ስለሆነም የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን።

• የንጹሕ ዝርያ ኮርማዎችንና ላሞችን ቆጥሮ፣ የአባትና የእናት ትውልዳቸውን በመዝገብ መያዝ፤

• ኮርማ ሳይኮላሽ ወይም ሳይሸጥ በፊት ምን ያህል እንደቀረ ማረጋገጥ፤

• በአካባቢው ያሉ ኮርማዎችን ከሌላ መንደር ማኅበር ጋር በመለዋወጥ የቅርብ ዝምድናን መከላከል፤

• ፀረ ተባይ መድኃኒት የተያዘበትን ዕቃ በወንዝና በምንጭ አለማጠብ።

አንድ ዝርያ ብዙ በሆነ ጊዜ መዝግቦ መጠበቅ ቀላል ነው። ጥቂት ከቀረ በኋላ ግን እያንዳንዱ እንስሳ እንደ ዘር እህል መቆጠር ይኖርበታል።