የተከሰሰው ቦርድ፦ የሳህን ማጠቢያ ማሽን የኤሌክትሮኒክስ ብልሽት እንዴት ይመረመራል?



የዛሬውን ርእስ የመረጥሁት በራሴ ስሕተት ምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤታችን የሳህን ማጠቢያ ማሽን ውሃ ማሞቅ አቁሞ የብልሽት ቁጥር አሳየ። የሙቀት ዳሳሹን ከመሰኪያው ነቅዬ ለካሁት፤ ደኅና ነበር። «እንግዲያው የተቃጠለው ቦርዱ ነው» ብዬ ፈረድሁ። አዲስ ቦርድ ከውጭ ሀገር አስመጥቼ ብገጥምም ማሽኑ ያንኑ ቁጥር መልሶ አሳየኝ። ጥፋቱ የነበረው እኔ ነቅዬ ወደ ጎን ባስቀመጥሁት፣ እርጥበት ባዛገው መሰኪያ ውስጥ ነበር።

የመቆጣጠሪያ ቦርዱን በችሎት እንደ ተቀመጠ ዳኛ ቁጠሩት። ውሃው መሙላቱንም ሆነ መሞቁን በዓይኑ አያይም፤ የሚፈርደው በዳሳሾች ምስክርነት ነው። ስለዚህ የብልሽት ቁጥሩ በአብዛኛው «የጠበቅሁት ምልክት አልደረሰኝም» ማለት እንጂ «ይህ ዕቃ ተበላሽቷል» ማለት አይደለም። ምልክቱ የሚጠፋውም ወደ ቦርዱ በሚገባው መረጃ፣ ከቦርዱ በሚወጣው ትእዛዝ ወይም በቦርዱ ውስጥ ነው። ምርመራውም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሂድ።

ከሁሉ በፊት ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉት። 220 ቮልት ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲለወጥ እስከ 311 ቮልት ይደርሳል፤ ካፓሲተሩም ይህን ኃይል ከተነቀለ በኋላ ሊያቆየው ይችላል። ሳትለኩ አትንኩ።

ቀጥሎ መለካት የሚገባው ከቦርዱ በተነቀለው የሽቦ ጫፍ ላይ ነው። በዚያ ስትለኩ ዳሳሹን፣ ሽቦውንና መካከል ያለውን መሰኪያ በአንድነት ትፈትናላችሁ። በብዙ ማሽኖች የሚገኝ የሙቀት ዳሳሽ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ኪሎ ኦም ገደማ፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ ወደ 2.5 ኪሎ ኦም ያሳያል፤ የየማሽኑን ልክ ከአምራቹ መመሪያ አረጋግጡ። ዳሳሹ ብቻውን ትክክል ሆኖ በሽቦው ጫፍ ልኬቱ ከተዛባ፣ ጥፋቱ በመንገዱ ላይ ነው። እየለካችሁ ሽቦውን አነቃንቁት፤ በተለይ በር በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚታጠፈውን።

ምስክሮቹ እውነተኞች ከሆኑ ወደ ትእዛዙ ተሻገሩ። የ2000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 24 ኦም ገደማ ያሳያል፤ 9 አምፔር ያህልም ይስባል። ይህ ጅረት በቦርዱ ሪሌይ በኩል ያልፋል። በመሞቅና በመቀዝቀዝ ብዛት የሪሌዩ እግር የተበየደበት ሊድ ዙሪያውን ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ በማጉያ መነጽር ይታያል፤ እንደገና በመበየድም ይጠገናል። እንግዲህ ቦርዱ በእውነት ጥፋተኛ ሲሆን እንኳ መጣል የለበትም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቦርዱ የሚከሰሰው ሥራውን በትክክል በመሥራቱ ነው። በማሽኑ ሥር ውሃ ተጠራቅሞ ተንሳፋፊው ከተነሣ፣ ቦርዱ እጥበቱን አቁሞ የማስወጫ ፓምፑን ብቻ ያስኬዳል። ሊፈለግ የሚገባው ውሃው የሚያንጠባጥብበት ቦታ ነው።

ተማሪዎቼ ሆይ፤ ያን ጊዜ መልቲሜትሩ አልዋሸኝም፤ የጠየቅሁትን በትክክል መልሶልኛል። ያልጠየቅሁት መሰኪያውን ነበር። አንድን ክፍል «ደኅና ነው» ብላችሁ ስትመዘግቡ፣ የለካችሁት ከየት እስከ የት እንደ ሆነም አብራችሁ ጻፉ።