መንገድ መሥራትና መንገድ መጠበቅ

መንገድ ሰውን ከሰው፣ አገርን ከአገር ያገናኛል። አካል ያለ ደም ሥር ሊኖር እንደማይችል፣ አገርም ያለ መንገድ ሊለማ አይችልም። ይህን ለመረዳት የደብረ ታቦርን አገር እንመልከት።

ደብረ ታቦር በደቡብ ጎንደር በደጋው ላይ ያለች ከተማ ናት። በአቅራቢያዋ የጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ የሚፈልቁት ከዚያ ነው። ምድሩ ገብስና ድንች ያበቅላል። ነገር ግን ገደሉ ብዙ፣ የክረምቱም ዝናም ብርቱ ነው። ስለዚህ በዚህ አገር መንገድ ማውጣት ጥንትም ዛሬም ከባድ ሥራ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት በተባለው ስፍራ፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ አሠሩ። ከሠሪዎቹም መካከል ወንጌል ለማስተማር ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ነበሩ። በ1860 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበርና በበቅሎ ሊጫን አልተቻለም። በሠረገላ አድርገው በብዙ ሰው አስጎተቱት። ለሠረገላ የሚሆን መንገድ ግን አልነበረም። ስለዚህ ሠራዊቱ ገደሉን እየቆረጠ፣ ድንጋዩን እየፈነቀለ፣ መንገድ እያወጣ ሄደ። የበሽሎን ጥልቅ ሸለቆ ወርደው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ከአምስት ወር በላይ ከደከሙ በኋላ በመጋቢት ወር ደረሱ። ንጉሡም ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዚያ ዘመን የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈዋል።

ልጆች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የእጅ ሥራ ማንንም አያዋርድም። ንጉሥ ድንጋይ ካነሣ፣ እኛ አካፋ መያዝ ስለ ምን ያሳፍረናል? ሁለተኛው፣ መንገድ የሚጠቅመው ለመልካም ነገር ሲሠራ ነው። ያ መንገድ የወጣው ለመድፍ ነበር። ደብረ ታቦርም ንጉሡ ለቀዋት ሲወጡ ተቃጠለች እንጂ አልለማችም። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦር እንኳ ከዚያው መንገድ ከፊሉን ተጠቀመበት። ንጉሡ በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በመቅደላ ሞቱ። መድፉ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ቀርቷል።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በደርግ ዘመነ መንግሥት፣ በቻይና መንግሥት እርዳታ ሌላ መንገድ ተሠራ። ይህ መንገድ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል አልፎ ወልድያ ይደርሳል። ጋሸና ላይም ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ ከእርሱ ይገነጠላል። ደግሞ በ2003 ዓመተ ምሕረት መንግሥት በገጠር ያሉትን ቀበሌዎች ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ሥራ ጀመረ።

የእንዲህ ያለ መንገድ ጥቅሙ ብዙ ነው። መንገድ በሌለበት ስፍራ በምጥ የተያዘች እናት በወሳንሳ ተሸክመዋት ይሄዳሉ፤ ወንዝ ሲሞላም ከዳር ቆመው ይጠብቃሉ። መንገድ ባለበት ግን ፈጥና ከሐኪም ትደርሳለች። ገበሬው ድንቹ ሳይበሰብስ ወደ ገበያ ያወርዳል። ተማሪውም በክረምት ከትምህርቱ አይቀርም። አገር ሊያይ የመጣ እንግዳ ጋፋትን ወይም ጉናን ለማየት ቢወድ፣ መንገድ መሪው፣ በቅሎ አከራዩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋና ማደሪያ ያለው ሁሉ ከእርሱ ገንዘብ ያገኛሉ። ይህም የሚሆነው ሰላም ሲኖር ነው። ሰላም ከሌለ መንገዱ ቢያምርም እንግዳ አይሄድበትም።

መንገድ ከተሠራ በኋላ ትልቁ ጠላቱ ውኃ ነው። ስለዚህ በመንገዱ ዳር ቦይ ይቈፈራል፤ ከሥሩም ውኃ የሚያሳልፍ ቱቦ ይቀበራል። አንድ ሰው እርሻዬ ይስፋልኝ ብሎ ቦዩን ቢያርሰው፣ ወይም እረኛ ሲጫወት በቱቦው ድንጋይ ቢሞላበት፣ ውኃው መሄጃ ያጣና በመንገዱ ላይ ይወርዳል። በሐምሌ አንድ ስንዝር የነበረው ስንጥቅ በነሐሴ ገደል ይሆናል። ያን ጊዜ መኪና ይቆማል፤ ያ ሰው ያተረፈው አንድ ትልም ነው፤ አገሩ ሁሉ ያጣው ግን መንገዱን ነው። ምናልባትም በዚያች ሌሊት በወሳንሳ የምትወጣው የገዛ ሚስቱ ትሆናለች።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄዱ በቦዩ ውስጥ የወደቀ ድንጋይ ብታዩ አንሡት እንጂ አልፋችሁ አትሂዱ። ቦይ የሚጠርግበት ቀን ሲሆንም ከአባቶቻችሁ ጋር ውጡ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና። መንገድ የሁሉ ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ ጠባቂውም ሁሉ ነው።