ከመርሳ የተላከው ፋይል ወልዲያ ሳይደርስ ለምን ይቆማል?

ትልቅ ፋይል በሌላ ከተማ ወዳለ ሰርቨር ለመገልበጥ የሞከረ አንባቢ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ኮፒው ሲጀምር ይሮጣል፤ ገና ሩብ ሳይሞላ ይቆማል፤ ጥቂት ደቂቃ ዝም ይልና «ሰርቨሩ መልስ አልሰጠም» የሚል መልእክት ይወጣል። ሰርቨሩ ግን እየሠራ ነው፤ መስመሩም አልተቆረጠም። ይህ ታይም አውት የሚባለው ነገር ከየት እንደሚመነጭ በዚህ ጽሑፍ በጥቂት ስሌት ለማሳየት እንሞክራለን።

ጉዳዩ በሰሜን ወሎ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ጣጣ ብቻ አይደለም። ጦርነቱ ወልዲያ ከደረሰበት ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። ኮምፒውተር በገንዘብ ይተካል፤ የአንድ ክረምት የማሽላ ሙከራ መረጃ ግን ያ ክረምት ስለማይመለስ አይተካም። ሀብሩ ወረዳ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና የዩኒቨርሲቲው የመርሳ ካምፓስ የሚገኙበት በመሆኑ እንዲህ ያለው መረጃ የሚሰበሰብበት ምድር ነው። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ከተማ ማኖር ግድ ይላል፤ ቅጂው ሙሉ መሆኑን ማረጋገጥም እንዲሁ።

የሩቅ ሰርቨር ዲስክ በእኛ ኮምፒውተር ላይ እንደ ተራ ፎልደር ሆኖ እንዲታይ ማድረግ ማውንት ማድረግ ይባላል። ለዚህ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 እ.ኤ.አ. የሠራው ኤንኤፍኤስ ነው። ምቾቱም ችግሩም ከአንድ ቦታ ይመነጫል፤ ሩቁ ቅርብ መስሎ ይታያል።

ለመሆኑ ጥፋቱ የርቀቱ ነውን? ከመርሳ ወልዲያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ለመሄድና ለመመለስ 0.3 ሚሊሰከንድ ይበቃዋል። የወረዳኔት መስመሮች በሳተላይት በሚሠሩበት ዘመን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሚቆም ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በቀድሞው የቲሲፒ ደንብ ላኪው መልስ ሳያገኝ ሊለቅ የሚችለው 64 ኪሎባይት ብቻ ስለነበር፣ መስመሩ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ገደማ ላይ ይታገድ ነበር። ይህን ገደብ ያነሣው ማሻሻያ በ1992 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በፋይበር ለተገናኙት ለመርሳና ለወልዲያ እንግዲህ ርቀትን መውቀስ አያስኬድም።

ዋናው ተጠያቂ ወረፋ ነው። በሰፊ ቧንቧ የሚሞላና በቀጭን ቧንቧ የሚፈስ ሮቶ በዓይነ ሕሊናችን እንሣል። ሊኑክስ የምንገለብጠውን መረጃ ወዲያው ወደ መስመሩ አይለቀውም፤ በቅድሚያ በሜሞሪ ያጠራቅመዋል፤ በተለመደው አሠራር እስከ ነጻው ሜሞሪ 20 በመቶ ድረስ። 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ማሽን ይህ 1.5 ጊጋባይት ያህል ነው እንበል። መስመሩ በሰከንድ 10 ሜጋቢት፣ ማለትም 1.25 ሜጋባይት ቢያስተላልፍ፣ በሰከንዶች የሞላው ሮቶ እስኪፈስ 20 ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ ያስደሰተን ሩጫ የሮቶው አሞላል እንጂ የመስመሩ ፍጥነት አልነበረም።

አሁን ሰዓቱን እንጨምርበት። እያንዳንዱ ጥያቄ 1 ሜጋባይት ቢሸከምና 100 ጥያቄዎች ቢሰለፉ፣ የመጨረሻው ተራው የሚደርሰው በ80ኛው ሰከንድ ነው። በቲሲፒ ላይ የሚሠራው ኤንኤፍኤስ ሳይነገረው የሚታገሠው ደግሞ 60 ሰከንድ ነው። ምንም ነገር ሳይበላሽ ሰዓቱ ሞላ! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሰዓቱን ለማስረዘም ይቸኩላል። በእኛ አስተያየት መጀመሪያ መነካት ያለበት ወረፋው ነው። የጥያቄው መጠን ወደ 64 ኪሎባይት ቢወርድ እነዚያው 100 ጥያቄዎች በ5 ሰከንድ ያህል ያልቃሉ፤ በሜሞሪ የሚጠራቀመውንም ማሳነስ ይቻላል። ሰዓቱን መለወጥ የፈለገ ሰው ቁጥሩ የሚጻፈው በሰከንድ አንድ አሥረኛ መሆኑን አይዘንጋ፤ 600 ሲጻፍ 60 ሰከንድ፣ 60 ሲጻፍ 6 ሰከንድ ብቻ ነው። አጥርቶ ያላነበበ ሰው ችግሩን አሥር እጥፍ አባባሰው ማለት ነው።

ትዕግሥት ያጣ ሰዓት የሚያደርሰውን ጉዳት በ1986 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የታየው ሁኔታ ያስረዳል። በሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል ያለው ርቀት 400 ያርድ ያህል ነው፤ የግንኙነቱ ፍጥነት ግን በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። ማሽኖቹ መልስ በዘገየ ቁጥር ያንኑ ፓኬት ደግመው ስለሚልኩ መስመሩ በራሱ ቅጂዎች ታንቆ ነበር። ቫን ጃኮብሰን በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የደርሶ መልስ ጊዜው አማካይ ብቻ ሳይሆን ከአማካዩ የሚያፈነግጥበት መጠንም እየተለካ ሰዓቱ እንዲወሰን አደረገ፤ ለፓኬቶችም የጥበቃ ሕግ አበጀላቸው። የፊዚክስ ሰው ይህን ሲያነብ ቤቱ የገባ ያህል ይሰማዋል።

ኮፒው የሚቆምበት ቦታ ራሱ ምልክት ነው። ትናንሽ ፋይሎች እያለፉ ትልቁ ገና ከመነሻው ከተገተረ የፓኬት መጠን ይጠርጠር፤ 1,500 ባይት የሚሸከመው መስመር በቪፒኤን ሲያልፍ ቦታው ይጠባል፤ «አሳንሰህ ላክ» የሚለው መልእክት በፋየርዎል ከታገደ ላኪው ምንም ሳያውቅ ይጠብቃል። ልክ 4 ጊጋባይት ላይ የሚያቆም ከሆነ ደግሞ መድረሻው ዲስክ በፋት 32 የተዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል ኔትወርኩን መመርመር ድካም ነው።

ከሁሉ የምናስጠነቅቀው ሶፍት የሚባለውን የማውንት ዓይነት ነው። ሃርድ ሲሆን ኮምፒውተሩ ሰርቨሩ እስኪመልስ ይጠብቃል፤ ያሰለቻል። ሶፍት ግን ሰዓቱ ሲሞላ ስሕተት መልሶ ይተወዋል፤ ፕሮግራሙ ያንን ስሕተት ችላ ካለው በወልዲያው ዲስክ ላይ ስሙ የተሟላ፣ ውስጡ የጎደለ ፋይል ይቀራል። ይህን የሚያውቀው ዋናው ቅጂ የጠፋ ዕለት ነው።

ለትልቅ ፋይል ማውንቱን ትቶ በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው አርሲንክ ከማሽን ወደ ማሽን መላክ ይሻላል፤ ካቆመበት እንዲቀጥል ግን በከፊል የደረሰውን እንዳይሰርዝ በትእዛዙ ላይ መግለጽ ያስፈልጋል። 1 ቴራባይት ከሆነ ደግሞ በዚያው 10 ሜጋቢት መስመር 9 ቀን ያህል ስለሚፈጅ፣ ዲስኩን በሚኒባስ መላክ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ዲስክ ለመሙላትና ለማራገፍ 6 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ መንገዱ ቢጨመርበትም በአንድ ቀን ያልቃል። በየትኛውም መንገድ ይላክ፣ መርሳ ላይ የፋይሉ ሻ 256 ቁጥር ተሰልቶ ይጻፍ፤ ወልዲያ ላይ እንደገና ይሰላ፤ ሁለቱ እስኪገጥሙ ድረስ የመርሳው ቅጂ አይነካ።